ዳፍንት በየትኛው ቍጥር ይጻፋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ መንገደኛ፣ መኪናው ወደ ጀማ ሸለቆ ቍልቍል ከመውረዱ አስቀድሞ ለሚን ያገኛል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋውና ቆላው የሚገናኙት በዚያ ስለ ሆነ ገበያተኛዋም ከሁለቱ ወገን ነው። በ2024 ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆላት ስሟ በጋዜጣ ደጋግሞ ተነሥቷል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ለይተን ካልተናገርን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ግን ስለ ሲሚንቶው ሳይሆን፣ ከእንዲህ ያለች ከተማ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ጄኔቭ ድረስ ስለሚሄድ አንድ ትንሽ ቍጥር ነው።

እንበል አንዲት እናት ከቆላው ልጇን ይዛ ወጣች። ልጁ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ቀን እንደ ጓደኞቹ ይሮጣል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ከብት ሲያስገባም የበረቱን በር ይስታል። «ልጄን ዳፍንት ይዞብኛል» ትላለች። ነርሱም ነገሩ ገብቶታል፤ ዳፍንትን የማያውቅ የሸዋ ሰው የለም፤ ዶሮ እንኳ ሲመሽ ዳፍንታም ነው ይባላል። መዝገቡ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ተነሥቷል። እንግዲህ ምን ተብሎ ይጻፍ?

ዳፍንት በአማርኛ አንድ ቃል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ በዐሥረኛው እትም፣ ግን አንድ ቤት ብቻ የለውም። ከቪታሚን ኤ ማነስ የመጣ እንደ ሆነ ኢ 50.5 ይባላል፤ የሚገኘውም ከዓይን በሽታዎች ምዕራፍ ሳይሆን ከምግብ እጥረት ምዕራፍ ነው። ከዚህ ሌላ የሆነና ምንጩ ያልተለየ ዳፍንት ኤች 53.6 ነው። በዘር የሚወረስ የሬቲና መበላሸት ያመጣው እንደ ሆነ ኤች 35.5 ይሆናል። ሬቲናን ከኋላው የሚመግበው ኮሮይድ የሚባለው ሽፋን በዘር እየሳሳ የሚጠፋበት ዐይነት ደግሞ ኤች 31.2 ተብሎ ይጻፋል።

አንባቢ «ታዲያ ቍጥሩ ምን አደረገ? ልጁ እንደ ሆነ በማታ አያይ» ይል ይሆናል። ልዩነቱ የልጁ ዕድሜ ልክ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት በጊዜው ከተደረሰበት በቪታሚን ኤ እንክብል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻለዋል። ለዳፍንታም ጉበት አብሉት የሚለው የቆየ ምክር ከንቱ አልነበረም፤ ጉበት በዚህ ቪታሚን የበለጸገ ነውና። የመጨረሻው ዐይነት ግን እንክብል በቍና ቢዋጥ አይመለስም። ኮሮይደሪሚያ ይባላል፤ ከሃምሳ ሺህ እስከ መቶ ሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነው። በልጅነት በዳፍንት ይጀምራል፤ ከዚያም የማየት ስፋቱ ዓመት በዓመት ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ፣ ሰውየው በጎልማሳነቱ ዓለምን በቀጭን ሸምበቆ ውስጥ አሻግሮ እንደሚመለከት ሰው ያደርገዋል። በሽታውን የሚያስከትለው የዘር ጉድለት በ1990 ታውቋል፤ ጤነኛውን ዘር ወደ ዓይን ለማስገባትም ብዙ ተደክሟል፤ ነገር ግን በ2021 የተጠናቀቀው ትልቁ ሙከራ የታለመለትን ውጤት አላስገኘም።

የዚህ በሽታ አወራረስ ለነርሱ አንድ ጥሩ መንገድ ይከፍትለታል። ጉድለቱን የምትሸከመው እናት አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ታያለች፤ የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው። ስለዚህ እናቲቱን «ወንድሞችሽ በማታ ያያሉ ወይ? አባትሽስ እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ኤሌክትሪክም መሣሪያም አይፈልግም። «አዎን፣ ትልቁ ወንድሜ በሠላሳ ዓመቱ በመሪ መሄድ ጀመረ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ልጁ እንክብሉን ቢወስድም ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት። በመዝገቡ ላይ «ዳፍንት» ብቻ ተጽፎ ኢ 50.5 ከተመታበት ግን ልጁ ምግብ እንደ ጎደለው ይቈጠራል፤ እናቲቱም ልጇን እንዳላበላች ሴት ትወቀሳለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ኮሮይድ ጥቂት እንናገር። የዓይን ግድግዳ ሦስት ድርብ ነው። በውጭ በኩል የምናየው ነጩና ጠንካራው ነው። በውስጥ በኩል ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው ሬቲና አለ። በሁለቱ መካከል የተነጠፈው ስስ ሽፋን ኮሮይድ ነው፤ ውፍረቱ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊሜትር ሲሦ አይበልጥም። ነገር ግን በደም ሥር የተሞላ ስለ ሆነ፣ ክብደቱ ከሚቀበለው ደም ጋር ሲነጻጸር በሰውነታችን ውስጥ እንደ እርሱ ብዙ ደም የሚመላለስበት ክፍል ጥቂት ነው። ብርሃን የሚቀበሉት የሬቲና ሕዋሳት ምግባቸውንና ኦክሲጅናቸውን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። እርሱ ሲታመም እነርሱ ይራባሉ።

ክፋቱ መታመሙ በውጭ አለመታየቱ ነው። ትራኮማ ያሳክካል፣ ቆቡን ያጥፋል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል። የዓይን ሞራ ብሌኑን ሲያነጣው ጎረቤት ሳይቀር ያየዋል። ኮሮይዱ የቈሰለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ላይቀላም ላያመውም ይችላል። «ከፊቴ ዝንብ ይበርብኛል፤ መስመሩ ተጣሞ ይታየኛል፤ መሐሉ ጨለመብኝ» ይላል። የሚሰማው ሰው ዓይኑን አይቶ «ምንም የለህም» ይለዋል። የዓይንን ውስጥ የሚያሳየው ኦፍታልሞስኮፕ የተባለው መሣሪያ በ1851 በጀርመናዊው በሄርማን ሄልምሆልትስ ለዓለም እስኪታወቅ ድረስ፣ በአውሮፓም ቢሆን የሕያው ሰው ኮሮይድ እንዴት እንደሚታመም ያየ ሐኪም አልነበረም። እንዲህ ያለውን ዕውርነት የዚያ ዘመን ሐኪሞች «በሽተኛውም ሐኪሙም ምንም የማያዩበት በሽታ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በሽታን በቍጥር መመደብ የተጀመረው ሕመምን ለመለየት ሳይሆን ሞትን ለመቍጠር ነበር። ፈረንሳዊው የስታቲስቲክ ሊቅ ዣክ በርቲዮን በ1893 በቺካጎ በተደረገ ጉባኤ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ። (ወንድሙ አልፎንስ ደግሞ ለፓሪስ ፖሊስ ወንጀለኞችን በአካላቸው መጠን እየለካ የሚለይ ሰው ነበር፤ መቍጠርና መመደብ የቤተ ሰቡ ሙያ ነበር ማለት ይቻላል።) በ1900 በፓሪስ የመጀመሪያው ማሻሻያ ተደረገ። ዓይን ብዙ ጊዜ ሰው አይገድልምና በእነዚያ ዝርዝሮች ትልቅ ስፍራ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1948 ነው፤ በዚያ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ፣ በስድስተኛው ማሻሻያ ከሞት ሌላ ሕመምም እንዲቈጠር አደረገ። ዐሥረኛው እትም በ1990 ጸደቀ። ዐሥራ አንደኛው በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል። በሀገራችንም የጤና ሚኒስቴር ከዐሥረኛው እትም ቀድቶ ለሀገሩ እንዲስማማ ያዘጋጀው ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አለ። ነርሱ በመዝገብ የጻፈውን የጤና መረጃ ባለሙያው ደምሮ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባዋል፤ ከዚያ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ በመጨረሻም ሚኒስቴሩ ያየዋል። ያየው ባለ ሥልጣን በጀት ሲያወጣ፣ መድኃኒት ሲያዝ፣ ሐኪም ሲመድብ የሚያምነው ያንኑ ድምር ነው።

እንግዲህ ወደ ኮሮይድ ቤቶች እንግባ። በዐሥረኛው እትም ሦስት ናቸው፤ ኤች 30፣ ኤች 31ና ኤች 32። የመጀመሪያው የኮሮይድና የሬቲና መቈጣት ነው፤ ቍስሉ በአንድ ስፍራ የተወሰነ ነው ወይስ ተበታትኗል እያለ በነጥብ ይከፋፈላል። ሁለተኛው ጠባሳ፣ በዕድሜ መበላሸት፣ በዘር የሚወረሰው፣ መድማትና መቀደድ፣ መላቀቅ ሁሉ የተሰበሰቡበት ነው።

በዚህ በሁለተኛው ቤት ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መቀደድ ነው፤ ኤች 31.3። ዓይን በድንጋይ ፍንጣሪ ወይም በቡጢ ሳይወጋ ቢመታ፣ ውጫዊው ሽፋን ጠንካራ ስለ ሆነ ይችለዋል፤ ሬቲናም ይሳባል፤ በመካከል ያለው ኮሮይድ ግን እንደ ጨረቃ ቅርጽ ይተረተራል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች፣ በገና ሰሞን ሩር የሚለጉ ጎረምሶች፣ በመዶሻ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች ይህ ሊያገኛቸው ይችላል። አዲሱ ጉዳት በአደጋዎች ምዕራፍ በኤስ 05 ይመዘገባል፤ የተቀደደው ኮሮይድ ደግሞ የራሱ ቍጥር አለው። ዓይኑ ላይ የበለዘው ከሳምንት በኋላ ሲጠፋ ሰውየው ድኗል ተብሎ ይሰናበታል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን በትርትሩ ዳር ክፉ የደም ሥር በቅሎ ሊደማና ማየቱን ሊወስድ ይችላል። አስቀድሞ ያልተጻፈለት ሰው ያን ጊዜ ሲመጣ የዱሮውን ምት ከአሁኑ ጨለማ ጋር የሚያያይዝለት አያገኝም።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ፀሐይን አትኵሮ በማየት የሚመጣው ቃጠሎ በይበልጥ የሚጎዳው ሬቲናን ሆኖ ሳለ፣ መዳቢዎቹ ከኮሮይድና ከሬቲና ጠባሳ ጋር በኤች 31.0 አኑረውታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በዕለተ እሑድ፣ ፀሐይ ተጋርዳ በላሊበላ ሰማይ እንደ ቀለበት ታየች፤ በሸዋም በከፊል ተሸፈነች። ያን ጊዜ በባዶ ዓይን አትመልከቱ የሚል ማስጠንቀቂያ በራዲዮና በጋዜጣ ተነግሮ ነበር። ሬቲና የሕመም ስሜት የለውምና ዓይን ሲቃጠል ሰው አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ከሚያየው ነገር መሐል ጥቁር ነጥብ ይቀመጥበታል። ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ነጥቡ ዕድሜ ልኩን የሚቀርበትም አለ። የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛው ቤት፣ ኤች 32፣ ጠባዩ ልዩ ነው። በስሙ ላይ ኮከብ ተደርጎበታል። ኮከብ ያለበት ቍጥር ብቻውን አይጻፍም፤ ዋናውን በሽታ ከሚያመለክትና የሰይፍ ምልክት ካለበት ቍጥር ጋር ብቻ ይሄዳል። ሰይፉ ሥሩን ይናገራል፤ ኮከቡ ሥሩ ያበቀለውን። ይህ ዘዴ የመጣው በ1975 በዘጠነኛው ማሻሻያ ነው፤ እንደ እኔ ግምት በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ብልሃተኛው ነገር ነው። ኮሮይድ ብዙ ጊዜ የራሱ በሽታ የለውም፤ ደም ይዞት የመጣው እንግዳ ነው የሚጎዳው። የሳንባ ነቀርሳ ተባይ ወደ ዓይን ከደረሰ ኤ 18.5 በሰይፍ፣ ኤች 32.0 በኮከብ ይጻፋል። የቆየ ቂጥኝ ከሆነ ኤ 52.7 ይቀድማል። በድመት ዐይነ ምድርና በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ከሆነ ቢ 58.0 (ቍርጥ ወዳጁ አንባቢ አይቀየመን)።

አሁን አንድ ሰው ሰይፉን ረስቶ ኮከቡን ብቻ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ታማሚው «የኮሮይድ መቈጣት» ተብሎ መቈጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ ሊታዘዝለት ይችላል። ሥሩ ነቀርሳ ከሆነ ስቴሮይድ ብቻውን ተባዩን ያደልበዋል። ከዚህም ሌላ ሰውየው ከነቀርሳ መዝገብ ውጭ ይቀራል፤ አብረውት የሚያድሩት ሚስቱና ልጆቹ አይመረመሩም። አንዲት ያልተጻፈች ኤ 18.5 ከዓይን አልፋ የአንድ ጎጆ ነገር ትሆናለች።

ኮሮይድን የሚነኩ በሽታዎች ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቤቶች ብቻ ያሉ የሚመስለው ተማሪ ይሳሳታል። የኮሮይድ ነቀርሳ መሳይ እብጠት፣ ማለት ካንሰር፣ ከካንሰሮች ጋር በሲ 69.3 ነው፤ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው። አንድ ዓይን ተወግቶ ሲቈስል ደኅነኛውም ዓይን በሐዘኔታ ይመስል የሚቈጣበት በሽታ አለ፤ በዋናነት የሚያጠቃው ኮሮይድን ሆኖ ሳለ የሚገኘው በኤች 44.1 ነው። ለዓይነ ስውራን የሚዳሰሰውን ፊደል የሠራው ልዊ ብሬል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይኑን ወግቶ፣ ኋላ ሁለቱንም ያጣው በዚህ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ስለዚህ «በሀገራችን ስንት የኮሮይድ በሽተኛ አለ?» ብሎ ሦስቱን ቤቶች ብቻ የሚደምር ወጣት ሹም የሚያገኘው መልስ ጎደሎ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በነጥብ ዘጠኝ የሚያልቀው ቍጥር ነው። ኤች 30.9 ወይም ኤች 31.9 ማለት «የኮሮይድ ችግር ነው፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልተለየም» ማለት ነው። ከዚያም ዝቅ ሲል «ሌላ የዓይን በሽታ» የሚል አለ። አንዳንድ ሹማምንት ነጥብ ዘጠኝ የበዛበትን ዘገባ ሲያዩ ይቈጣሉ፤ ባለሙያው ሰነፈ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታና ኦፍታልሞስኮፕ በእጁ የሌለ ነርስ ነጥብ ዘጠኝ ቢጽፍ እውነት ጻፈ። ቍጣ ፈርቶ በግምት ነጥብ ዜሮ ወይም ነጥብ አንድ ቢጽፍ ግን ድምሩ ያምራል፤ ሀገሩ ግን ይታለላል። የነጥብ ዘጠኝ ብዛት ራሱ ዘገባ ነው፤ በዚህ ወረዳ የዓይንን ውስጥ የሚያይ ሰው ወይም መሣሪያ ጎድሏል ይላልና። ሊቈጡበት የሚገባው ነጥብ ዘጠኝ፣ መሣሪያውም ሐኪሙም ካለበት ትልቅ ሆስፒታል የሚመጣው ነው።

ቍጥር ሥራ እንደሚያሠራ ትራኮማ ምስክር ነው። በ1987 የዓለም ጤና ድርጅት ማንም የጤና ሠራተኛ ቆብ ገልብጦ በማጉያ መነጽር የሚለያቸውን አምስት ምልክቶች አወጣ። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው መቍጠር ተቻለ፤ ትራኮማ ከበረታባቸው የዓለም አገሮች አንዱ በሆነው በአማራ ክልልም ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ በጅምላ የታደለው፣ ቆብ የሚያስተካክሉ ነርሶች የሠለጠኑት በዚሁ ቈጠራ መሠረት ነው። በ2005ና በ2006 በሀገር አቀፍ በተደረገው የዓይን ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ነበር። በዋነኞቹ ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ ኮሮይድ በስሙ አልተጠራም። ይህ ከቶ የለም ማለት አይደለም፤ በሰፈር መካከል ችቦ ይዞ በሚደረግ ምርመራ ከኋላ ያለው በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ የለሚው ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም የዓይን ሐኪሞች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቢላክ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ውስጡ ይታያል፤ ቍጥሩም ያን ጊዜ ይለያል። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተለየው ቍጥር የሚመዘገበው በትልቁ ሆስፒታል ነው፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ የቀረው ግን የመጀመሪያው ግምት ነው። መልስ ደብዳቤ ካልተጻፈ፣ ተጽፎም እናቲቱ ካላደረሰችው፣ ነርሱ የላከው ልጅ ምን እንደ ነበረው ሳያውቅ ይኖራል፤ ለሚቀጥለውም ዳፍንታም ልጅ ያው እንክብል ይሰጣል። ሁለት መስመር የሆነች ደብዳቤ፣ ቍጥሩና ስሙ በአማርኛ የተጻፈባት፣ ለዚያ ነርስ ከአንድ ሳምንት ሥልጠና የምትሻል ይመስለኛል። ዐሥራ አንደኛው እትም ቀኝና ግራ ዓይንን፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን በአንድነት አያይዞ ለመጻፍ የሚያስችል ነው፤ ሆኖም የተሻለ መጽሐፍ ያልታየ ዓይን አያይም።

እስከዚያው ድረስ አንድ ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ይደረግባት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ፀሐይ እንደ ገና ትጋረዳለች። ሙሉው ጨለማ የላይኛውን ግብጽና የመንን አቋርጦ ያልፋል፤ በኢትዮጵያ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ በከፊል ይታያል። ክረምት ነውና የእንሳሮ ሰማይ ደመና ሊሸፍነው ይችላል፤ ነገር ግን ስስ ደመና ፀሐይዋን ለዓይን የተመቸች ስለሚያስመስል አደጋው ይብሳል። ተማሪ ቤት በዚያ ወራት ዝግ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በእረኞች ዘንድ መነገር አለበት። በማግሥቱ አንድ ጎረምሳ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ «ከሰው ፊት መሐል ጥቁር ነገር ተቀምጦብኛል» ቢል፣ ዓይኑም ከውጭ ንጹሕ ቢሆን፣ ነርሱ «ትናንት ፀሐይዋን አይተሃት ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም በመዝገቡ ላይ ይጻፈው።